ከሰኞ ገበያ የገዛሁት ሸራ ጫማ፣ ከአምስት ወር በኋላ

ጫማው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ቁጥሩ 38። ግንቦት አጋማሽ ላይ ደሴ ሰኞ ገበያ በ1,450 ብር ገዛሁት። አሁን ጥቅምት ነው። መሃል ላይ አንድ ሙሉ ክረምት አልፏል። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዝናቡ ቢያባራ ጉሙ አለ፤ ጉሙ ቢገፈፍ ጭቃው አለ። መንገዱም ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ጫማው ይህን ሁሉ አልፎ ዛሬም እግሬ ላይ ነው።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ግን ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ።

መጋቢት ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ነጭ ሸራ ጫማ ገዛሁ። ያምር ነበር። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" አለኝ፤ አመንኩት። አንድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሐረጎ ላይ ዝናብ ያዘን። ፒያሳ ወርጄ ወደ ቤት ሽቅብ ስጀምር ቀኝ እግሬ ቀዘቀዘኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ጫማው በጎኑ አፉን ከፍቷል። ሶሉ ከትንሿ ጣቴ እስከ መሃል እግሬ ድረስ ተላቋል። በተራመድኩ ቁጥር ውሃ ይጠጣል፣ መልሶ ይተፋል። ቤት ስደርስ ካልሲዬ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር።

ሊስትሮ በማስቲሽ ለጠፈልኝ። ሁለት ቀን ቆየና እንደገና ተከፈተ። ወደ ሱቁ ስመልሰው "አንዴ ከተደረገ አንቀበልም" ተባልኩ። አስተማሪ ነኝ፤ የደመወዛችን ነገር ይታወቃል። ጫማ ለእኔ በየወሩ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በጣም አዘንኩ።

ሰኞ ገበያ ጫማ የሚሸጡት ሀጂ ጋ የላከችኝ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት። ሰፈሩ ሁሉ "ሀጂ" ነው የሚላቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። በር ላይ አንዲት ዱካ አለች። መቀመጫዋ በአሮጌ የመኪና ጎማ ተለብጧል። ደንበኛ እሷ ላይ ተቀምጦ ይለካል።

የተበላሸውን ጫማዬን በፌስታል ይዤ ነበር የሄድኩት። ተቀበሉኝና አወጡት፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ስለ ጨርቁ አንድም ነገር አላሉም። አውራ ጣታቸውን ሸራውና ጎማው የሚገናኙበት ቦታ ላይ አድርገው ዙሪያውን ሄዱ። ተረከዙ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። "እዪ ልጄ" አሉኝ። የደረቀ ማስቲሽ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። "ይኼ በማስቲሽ የቆመ ነው። ውሃ ሲነካው ይለቃል። ሸራው ቢቀደድ ይሰፋል፤ መስመሩ ከተከፈተ ግን ጫማው አለቀ።"

ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረዱ። ጥቁር ሰማያዊውን። አፍንጫውንና ተረከዙን ይዘው አጠፉት። መስመሩ አልሳቀም። ጥፍራቸውን በጎማው ጠርዝ ሥር ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባም። አሽትቺው አሉኝና አሸተትኩት። ያኛው ሲገዛ የማስቲሽ ሽታው ራስ ያዞር ነበር። ይኼኛው ጎማ ጎማ ይላል፤ ሌላ ሽታ የለውም።

ልዩነቱ ምን እንደሆነ በኋላ አንብቤ ነው የገባኝ። ደህና ሸራ ጫማ ሲሠራ ጨርቁና ጎማው ተገጣጥመው ምድጃ ውስጥ አብረው ይገባሉ። ጎማው ድኝ ተቀላቅሎበታል። በሙቀቱ ይጠነክራል፤ ከጨርቁም ጋር ይያያዛል። ጎማ ከድኝ ጋር ሲሞቅ እንደሚጠነክር የደረሰበት ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1839። ከዚያ በፊት ጎማ ሙቀት ሲያገኘው ይሟሟል፣ ብርድ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። የእኛ አገር ሰው ቢያደርገው ኖሮ ጠዋት ደላንታ ላይ ይሰነጠቅበት፣ ከሰዓት ባቲ ላይ ይጣበቅበት ነበር።

1,450 ብሩን በቴሌብር ከፈልኩ። መጀመሪያ 1,600 ነበር ያሉኝ። የነጩን ጫማ ታሪክ ስነግራቸው "አብሽሪ ልጄ" ብለው ራሳቸው ቀነሱልኝ።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። አማርኛ ነው የማስተምረው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስለ ተውሶ ቃላት እያስተማርኩ ነበር። ጠረጴዛ፣ ባቡር እያልን ስንቆጥር አንዲት ልጅ እግሬን አየችና "ቲቸር፣ ሸራ ጫማ ለምን ሸራ ተባለ?" አለችኝ። ሸራ ስለሆነ ነው ብዬ ልመልስ ነበር። አፌ ላይ ቀረ። ሸራ ራሱስ ምንድን ነው?

ሸራ ብዙ ቦታ አለ። ሰርግና ለቅሶ ሲሆን ግቢ ውስጥ ይወጠራል። ከባቲ የሚመጣው አይሱዙ ጭነቱን በሸራ ይሸፍናል። ሠዓሊ ሥዕሉን የሚሥለው ሸራ ላይ ነው። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ነፋስ የሚችል ጨርቅ ነው። ስሙ ግን ከየት መጣ?

ለልጅቷ "ነገ እነግርሻለሁ" አልኳት። ከሰዓት በኋላ ሀጂ ጋ ሄድኩ። እሳቸው በልጅነታቸው ደረሳ ሆነው ብዙ ዓመት ዐረብኛ ተምረዋል። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ደረስኩ። ጥያቄውን ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ሺራዕ" አሉኝ። "መርከብ ላይ የሚወጠረው ጨርቅ። ነፋስ የሚይዘው። በዐረብኛ ሺራዕ ነው።"

አማርኛው መጨረሻ ላይ ያለውን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎ ሸራ አለው። ሌሎች የዐረብኛ ቃላትም ወደ አማርኛ ሲገቡ ያንን ድምፅ ጥለዋል። አማርኛም እስከ ዛሬ "የመርከብ ሸራ" ይላል። ባሕር የሌለን ሰዎች ባሕር ላይ የተወለደ ቃል እግራችን ላይ አጥልቀን እንሄዳለን። ይህን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ቃል ደግሞ የእኛው ነው። ጫማ ማለት መጀመሪያ የእግር የታችኛው ክፍል ነው፤ መሬት የሚረግጠው። "የእግሬ ጫማ ነደደ" ይላሉ እናቶቻችን። "ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ" እንደምንለው "ከእግር ጫማው" የሚልም አለ። በጫማ ይለካል፤ ስፋቱ አሥር ጫማ ይባላል። የምንጫማው ነገር ስሙን የወሰደው ከዚያው ከእግር ነው።

እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉት። ሸራ፣ ጫማ። ላይኛው ነፋስ የሚይዝ ጨርቅ፣ ታችኛው መሬት የሚረግጥ ሶል። ስሙ ዕቃውን ከሁለት ከፍሎ ያሳያችኋል። ሀጂ አውራ ጣታቸውን ያስኬዱት በትክክል በሁለቱ ቃላት መካከል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሌሎችን ስምም መፈለግ ጀመርኩ። ልጆቹ "ስኒከር" ነው የሚሉት፤ አሁን ለማንኛውም ስፖርት ጫማ ሆኗል። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው። ኮቴን ሳያሰሙ ሹልክ ብሎ መሄድ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የቆዳ ሶል ይንኳኳል፤ ጎማ ግን ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1887 ቦስተን ውስጥ የወጣ አንድ ጽሑፍ ይህን ስም ያወጡት ተማሪዎች መሆናቸውን ይናገራል። ስሙ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ መከራውን የሚያይ አስተማሪ ብቻ ነው ይላል። እኔ አውቀዋለሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከኋላዬ ሦስት ልጅ አርፍዶ ይገባል። ዞር ስል ሁሉም ቦታው ላይ ነው።

አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሯል። ሸራ ጫማን እስከ ዛሬ "ኬዲ" ነው የሚለው። የሩሲያ ቃል ይመስለኝ ነበር። ለካ ኬድስ የሚባል የአሜሪካ ጫማ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ገበያ ላይ የወጣ። ሩሲያኖቹ ወስደው የዕቃው መጠሪያ አድርገውታል።

ሸራ በእንግሊዝኛ ካንቫስ ነው። እሱ ደግሞ ከካናቢስ ነው የመጣው። ድሮ የመርከቡ ጨርቅ የሚሠራው ከዚያ ተክል ቃጫ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ጥጥ ነው። ጥጥ ሲነሳ ኮምቦልቻ ትዝ ይለኛል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቆዳ ፋብሪካም እዚያው አለ። የእኔ ጫማ ግን ካርቶኑ ላይ ቻይና ይላል። አንድ ቀን ኮምቦልቻ የሚል ካርቶን ሀጂ መደርደሪያ ላይ ባይ ምኞቴ ነው።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የእንግሊዞቹ ስም ነው። እነሱ "ፕሊምሶል" ይሉታል። መጀመሪያ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ጫማ ነበር፤ "የአሸዋ ጫማ" ይባል ነበር። ፕሊምሶል የሰው ስም ነው። ሳሙኤል ፕሊምሶል የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነበር። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ባለ መርከቦች ያረጀ መርከብ ከልክ በላይ ይጭናሉ። ኢንሹራንስ ይገቡለታል። ቢሰምጥ ገንዘቡን ይቀበላሉ፤ መርከበኞቹ ግን ይሞታሉ። መርከቦቹ ተንሳፋፊ የሬሳ ሣጥን ይባሉ ነበር። ፕሊምሶል ለዓመታት ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በ1876 የእንግሊዝ መርከቦች በጎናቸው ላይ የጭነት መስመር እንዲሰመርባቸው የሚያዝ ሕግ ወጣ። ውሃው ከመስመሩ ካለፈ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። መስመሩ በስሙ ተጠራ። ጫማው ላይ ያለውን የጎማ መቀነት ያየ ሰው ደግሞ ያንን መስመር አስታወሰው።

ሐይቅ ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። አምና ከተማሪዎች ጋር ሄደን ነበር። እኔ የተቀመጥኩት ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ውሃው በአንድ ጣት ወደ እጄ ይጠጋል። ስድስተኛው ልጅ ሲገባ ባለ ጀልባው "ይበቃል" አለ። ውሃው እዚያው ቆመ። በውሃውና በጠርዙ መካከል የቀረችውን ያቺን የእጅ ስፋት አልረሳትም።

እና አሁን ክረምቱ እንዴት ነበር? መስመሩ እንደተባለው ቆመ። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ሰኞ ገበያ ወጥቼ ወርጄበታለሁ። ኩታበር ድረስ አያቴን ልጠይቅ ሄጄበታለሁ። ጎማው ዙሪያውን አንድም ቦታ አልተላቀቀም። ውሃ ከጎማው በታች እስካለ ድረስ እግሬ ደረቅ ነው። ከጎማው ካለፈ ግን ወዲያውኑ ይገባል። ሸራ ነውና ውሃ ይጠጣል። ነሐሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጎርፍ ላይ ገብቼ ረጥቤያለሁ። ከረጠበ በደሴ ብርድ በአንድ ቀን አይደርቅም። ሁለት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ክረምት ላይ ይህን ብቻ ይዞ መኖር አይቻልም፤ ሌላ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም አሉ። የውስጡ ሶል ስስ ነው። አምስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ሳስተምር ማታ ተረከዜን ያመኛል። ከነሐሴ በኋላ ተጨማሪ ገበር ገዝቼ አስገባሁበት፤ አሁን ደህና ነው። ገበር ለመጨመር ያሰበ ሰው ቁጥሩን ጠበብ አድርጎ እንዳይገዛ። ክሩ የሚገባባቸው የብረት ቀለበቶች ሁለቱ ዝገዋል፤ ዝገቱ ምላሱ ላይ ቡናማ ምልክት ትቷል። ቀለሙም ጣቶቼ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ለቋል። ይህ ግን ለእኔ ነውር አይደለም። ሸራ ሲለቅ ያምራል እንጂ አያስጠላም።

ዳገት ላይ አይንሸራተትም። ሶሉ የማር እንጀራ የመሰለ ጥርስ አለው። የጭቃ ነገር ግን አይሆንለትም። ጭቃው ጥርሱ ውስጥ ይገባና ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ተጠንቀቁ።

አጠባቡን ሀጂ ናቸው ያስተማሩኝ። ክሩን አውጡ። በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ኦሞ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ዘፍዝፋችሁ አትተዉት። በደንብ አለቅልቁት፤ ኦሞ ከቀረበት ሲደርቅ ቢጫ ይሆናል። ውስጡን ጋዜጣ ሙሉበትና ጥላ ላይ አስቀምጡት። ነጭ ከሆነ ላዩን በሶፍት ሸፍኑት፤ ቢጫው ወደ ሶፍቱ ይወጣል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ጎማውን ያደርቀዋል። እሳት ዳር ማድረግማ ጭራሽ አይታሰብም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ ሸራ ጫማ ገዝቶ በቀጥታ ሊስትሮ ጋ ይወስድና ዙሪያውን ያሰፋል። እኔም ልክ እንደዚያ ላደርግ ነበር። ሀጂ ከለከሉኝ። "ደህናውን መስመር በወስፌ ለምን ትበሺዋለሽ? በቀዳዳው ሁሉ ውሃ ይገባል። ሲከፈት ያን ጊዜ ይሰፋል" አሉኝ። ከሱቁ ፊት ለፊት የሚሰፋ ልጅ አለ። እሱም ይህንኑ ነው የሚለው፤ ብር ቢቀርበትም።

ስለ ሱቁ የምጨምረው ትንሽ ነው። ዕቃው ብዙ አይደለም። ቀለም መምረጥ የሚወድ ሰው እዚያ ብዙ አያገኝም፤ እኔ በሄድኩ ቀን ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ነጭ ብቻ ነበር። ከ41 በላይ ለወንድ ማግኘት ከባድ ነው። የሶላት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጁምዓ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ቤት ወስዳችሁ ምንጣፍ ላይ ለክታችሁ ካልሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ይቀይሩላችኋል፤ ጭቃ ከነካ ግን አይቀይሩም። ይህን ሳይሸሽጉ አስቀድመው ይነግሯችኋል። ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው በዚህ ነው። አንዲት ሴት ለልጇ ርካሹን ስትጠይቃቸው አወጡና "ይኼ በማስቲሽ ነው፤ ለበጋ ይሆናል፣ ለክረምት አይሆንም" ብለው ነው የሸጡላት። ዋጋውም 700 ብር ነበር። እያወቀች ገዛችው።

ልጅ ሆኜ ኮንጎ ነበር የማደርገው፤ ፕላስቲኩን። አባቴ ደግሞ በረባሶ፣ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን። ሁለቱም ውሃ አይፈሩም። ሸራ ጫማ ያኔ የትልቅ ሰው ልጅ ጫማ ነበር። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ነበረው። ዕረፍት ላይ ስንጫወት አውልቆ ያስቀምጠው ነበር፣ እንዳይቆሽሽ። እኔም ጥቁር ሰማያዊውን የገዛሁ ቀን ማታ አውጥቼ አልጋዬ ሥር አላስቀመጥኩትም። ጠረጴዛው ላይ፣ መጻሕፍቱ አጠገብ አደረግሁት።

ለልጅቷ መልሱን በማግሥቱ ነገርኳት። ሰሌዳ ላይ ሺራዕ ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ሸራ። ክፍሉ በሙሉ ዝቅ ብሎ እግሩን አየ። ከ54ቱ ተማሪዎች 19ኙ ሸራ ጫማ አድርገው ነበር፤ ቆጠርናቸው። አንዱ ልጅ እግሩን አነሳና መስመሩን በጣቱ ተከተለ። የእሱ ተከፍቶ ነበር። ጫማ ሰፊው ልጅ ጋ ላክሁት። በ60 ብር ሰፋለት፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ እያደረገው አየሁት።

ባለፈው ሳምንት ሀጂ አዲስ ዕቃ እየመጣ ነው አሉኝ። ለእህቴ ቁጥር 36 ነጭ ካለ አስቀምጡልኝ ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ ወጥቼ አያለሁ።